ጥላሸት ጀርም አይደለም፤ በረኪናው ይቅርብን!



ባለፈው ስብሰባ የእድራችን አዳራሽና የወጥ ቤቱ ግድግዳ ለዓመት በዓል በበረኪና ይታጠብ፣ ገንዘቡም ከእድሩ ካዝና ይውጣ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። አብዛኛው ሰው አጨበጨበ። እኔም እጄን ሳላወጣ ዝም በማለቴ ሲቆጨኝ ሰንብቷል፤ ስለሆነም ያልተናገርሁትን በዚህ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

በረኪና ጀርም ይገድላል፤ ይህን የሚክድ የለም። አተት በገባበት ቦታ በልኩ ተበጥብጦ ሰው አድኗል። የወጥ ቤታችንን ግድግዳ ያጠቆረው ግን ጥላሸት ነው፤ ጥላሸት ደግሞ የጭስ ቅባት የያዘ ከሰል እንጂ ጀርም አይደለም። የሚጠራጠር ካለ አንድ ቁራጭ ከሰል በረኪና ውስጥ ነክሮ ይየው፤ ጥቁር እንደሆነ ይወጣል። ታዲያ ለምን እንወደዋለን? ስለሚሸት እኮ ነው! ቤቱ በረኪና በረኪና ካላለ የጸዳ አይመስለንም።

ይህን ሽታ የሚተነፍሰው ደግሞ አጨብጫቢው ሳይሆን ባልዲ የሚሸከሙት ሴቶቻችን ናቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ በር መስኮቱን ዘግተን ነው የምናጥበው። ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን «ኃይል ይጨምርለት» ብላ ሎሚ ብትጨምቅበት ትንፋሽ አጥሯት በሰው ድጋፍ ደጅ ወጣች። በረኪና ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ጀርመኖች በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር አጠገብ በጠላት ጦር ላይ የለቀቁት ያንኑ ነው። በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ አልጋ ሥር የሚቀመጠውንማ፣ ሕፃን ውሃ መስሎት የሚያነሣውን፣ ተናግሬም አልጨርሰው።

«እሺ፣ በምን ይጽዳ?» ትሉኝ ይሆናል። ግድግዳው አንድ ዓይነት አይደለም። ወጥ ቤቱ ጭቃ ነው፤ ጭቃን ውሃ ያፈርሰዋል እንጂ አያጸዳውም። በደረቅ መጥረጊያ ጥላሸቱን አራግፎ፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ፣ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት እንደገና መለቅለቅ ነው። የአዳራሹ የላይኛው ግድግዳ ኖራ የተቀባ ስለሆነ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አይነካው፤ ኖራውን ይበላዋል። ተጠርጎ አዲስ ኖራ ይቀባ፤ ቀቢው ዓይኑን ይጠብቅ። የታችኛው የዘይት ቀለም ነው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። የጥጉ ሻጋታ የመጣው ከሚያፈሰው ቆርቆሮ ነውና ጣሪያው ሳይጠገን ቢታጠብ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። (የጣሪያው ነገር ስንት ጊዜ ተነሥቶ ስንት ጊዜ ተረሳ!)

ሳሙና ተወደደ ለሚል እንዶድ አለ። ጋቢና ነጠላ ሲያነጣ የኖረ አረፋ የዘይት ቀለም ያቅተዋል? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች መሆናቸው ነው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. የስዊድኑን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። ዓለም የሸለመውን እኛ ንቀን በረኪና እንገዛለን። ብቻ እንዶድም ዓይን ያቃጥላል፣ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በአንድ ጥግ ይሞከር፣ እጣቢውም በሬሳ ወንዝ አይደፋ።

እንግዲህ ለበረኪና የተመደበው ገንዘብ ለኖራ፣ ለብሩሽ፣ ለሳሙናና ለቆርቆሮ ምስማር እንዲውል በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ይሰጥበት። አጣቢዎቹ እናቶችም ቀድመው ይናገሩ። በአንኮበር በኩል ዘመድ ያላችሁ የደረቀ እንዶድ አስመጥታችሁ ለእድሩ ጸሐፊ አስረክቡ።