የዝናብ ልብሱ ልጃችንን እንዳይሸፍንብን

በባሕር ዳርና በሐዋሳ በብስክሌት ሥራ የምንገባ፣ ልጆቻችንንም በብስክሌት ትምህርት ቤት የምንልክ ብዙዎች ነን። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ሐሳባችን ሁሉ ልጁ እንዳይበሰብስ ነውና ጥቁር የዝናብ ልብስ አልብሰን እንሸኘዋለን። የልብሱ ጫፍ ከመቀመጫው ወደ ኋላ ወርዶ ቀዩን አንጸባራቂ መሸፈኑን ግን ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። መስተዋቱ በእንፋሎት የተጋረደበት ሾፌር ልጁን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ልጁ ብስክሌቱ ላይ እንደወጣ ከኋላው ቆማችሁ ተመልከቱ። አንጸባራቂው ካልታየ የልብሱን ጫፍ ሰብስባችሁ እሰሩለት፤ ጭቃውንም ጥረጉ።

ደማቅ ቢጫ ልብስ በደመናማ ቀን ጎልቶ ይታያል። ሲመሽ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ያስፈልጋል። ጥብጣቡ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢታሰር፣ እግር ከፔዳሉ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል የሾፌሩን ዓይን ቶሎ ይስባል። መብራትም ቢሆን በዝናብ ጊዜ በቀን ይብራ።

በአንድ እጅ ዣንጥላ ይዘን የምንነዳውስ? እኔ ከሁሉ የከፋ የምለው ይህንኑ ነው፤ ዣንጥላው ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚመጣውን መኪና ከእኛም ይጋርዳል።