በአውቶቡስ ቲኬት ወደ ጥንት ከተማ

«ኪስ ሳይሞላ አገር አይታይም» ይባላል። እኛ ግን ደመወዝ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረውም የሚታይ ነገር አይታጣም ባዮች ነን። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ወደ ሮማ የሚሄድ አንባቢ ቢኖር ይህን የአንድ ቀን ጉዞ እንመክረዋለን።

የሚመረጠው ቀን የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ በዚያ ቀን የመንግሥት ሙዚየሞችና የጥንት ቦታዎች መግቢያ ነጻ ነውና። ሰኞ ግን ዝግ ስለ ሆነ አይልፉ። ዳቦና ፍራፍሬ ሰንቆ፣ ውሃ ይዞ፣ ፖርታ ሳን ፓዎሎ ከሚባለው ጣቢያ ወደ ባሕር በሚወርደው ባቡር መሳፈር ነው። ልዩ ቲኬት አያስፈልግም፤ በከተማው አውቶቡስ የሚሠራው የ100 ደቂቃ ቲኬት ይበቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘው «ኦስቲያ አንቲካ» ሲደርሱ ይወርዳሉ፤ አውራ ጎዳናውን በድልድይ ተሻግረው ጥቂት በእግር ቢሄዱ ከበሩ ይደርሳሉ።

ኦስቲያ በቲቤር ወንዝ አፍ ላይ የተሠራች የጥንቷ ሮማ ወደብ ነበረች። የነገሥታቱን ሕንጻ ማየት የፈለገ እዚያው ሮማ ይቅር፤ እዚህ የሚታየው እንደ እኛ ያለው ሰው የኖረበት ነው። ፎቅ የኪራይ ቤት አለ፤ ዳቦ መጋገሪያ አለ፤ የሚሸጠው ምግብ በግድግዳው ላይ የተሣለበት መሸታ ቤት አለ፤ ሰዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት የሕዝብ መጸዳጃ እንኳ ሳይቀር አለ።

ከቲያትሩ ጀርባ ሰፊ አደባባይ ይገኛል። ዙሪያውን 60 ያህል ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ፤ የመርከብ ባለቤቶችና የነጋዴዎች ቢሮ እንደ ነበሩ ይነገራል። ወለሉ ላይ በጥቁርና በነጭ ጠጠር የተሠራ ሥዕል ዛሬም ይታያል፤ መርከብ፣ ዓሣ፣ የእህል መስፈሪያ ቁና። በዛሬዪቱ ሊቢያ ካለችው ከሰብራታ የመጡት ነጋዴዎች ምልክታቸው ዝሆን ነው። እኛ በቢሯችን በር ላይ ስም እንደምንለጥፍ፣ እነሱም በደጃፋቸው ሥዕል አነጠፉ ማለት ነው።

እኔም ከቁናው ሥዕል አጠገብ ተቀምጬ ዳቦዬን ስቆርስ አንድ አሳብ መጣብኝ። ሮማን ከሚመግበው ስንዴ ከፊሉ በመርከብ ከግብፅ ይመጣ ነበር። የግብፅን እርሻ ያዳበረው ደግሞ በየክረምቱ ከደጋችን እየታጠበ ከዓባይ ጋር የሚወርደው አፈር ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቁና ከተሰፈረው ስንዴ የእኛም ምድር ድርሻ ነበረበት! ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንማር ሮማ እንዴት ሩቅ ትመስለን ነበር።

ኦስቲያንም ቢሆን ካጠፏት ነገሮች አንዱ ይኸው አፈር ነው። ንግዱ ቀዘቀዘ፤ የቲቤር ደለልም ባሕሩን እየገፋ አራቀው፤ ዛሬ ባሕሩ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባሕር የራቃት ወደብ ምን ትሠራለች? ሕዝቧ ትቷት ሄደ።

ማታ በዚያው ባቡር ተመለስሁ። ወጪዬ የደርሶ መልስ ቲኬትና ዳቦ ብቻ ነው። ነገር ግን ከእንግዲህ በክረምት የደፈረሰ ወንዝ ባየሁ ቁጥር ያ ቁና ትዝ ሳይለኝ አይቀርም።