አስተማማኝ የተባለ ገንዘብ ሲመነምን

እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ፋውንዴሽን የእያንዳንዱን ሽልማት መጠን ከ10 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ቀነሰ። ካዝናው አልተራቆተም፤ ወደ 3 ቢሊዮን ክሮነር የሚጠጋ ሀብት ነበረው። ነገር ግን በቀደሙት ዓመታት ለሽልማትና ለሥራ ማስኬጃ የወጣው ገንዘብ፣ ኢንቨስትመንቱ በአማካይ ካስገኘው በልጦ ተገኘ። ፋውንዴሽኑን ይመሩ የነበሩት የቀድሞው የስዊድን ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ላርስ ሄይከንስተን ናቸው። ዋናውን እየቆረሱ ስሙን ማድመቅ ይቻል ነበር። አልተደረገም፤ ደግ ሆነ።

ጥንቃቄው መራራ ታሪክ አለው። አልፍሬድ ኖቤል በ1895 ፓሪስ ውስጥ በፈረመው ኑዛዜ፣ ሀብቱ አስተማማኝ በሆነ ሰነድ ላይ እንዲውልና ትርፉ በየዓመቱ እንዲሸለም አዘዘ። ከ31 ሚሊዮን ክሮነር በላይ ነበር። አስተዳዳሪዎቹም አስተማማኝ ማለት የመንግሥት ቦንድና ዋስትና ያለው ብድር ነው ብለው ያዙ። ከዚያ ሁለት የዓለም ጦርነቶች መጡ፤ ዋጋ ሲንር የቦንዱ ወለድ ባለበት ቀረ። የስዊድን መንግሥትም እስከ 1946 ድረስ ከባድ ግብር ያስከፍል ነበር። በ1901 150,782 ክሮነር የነበረው ሽልማት በ1923 ወደ 114,935 ወረደ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልቆመረም፤ ገንዘቡ የመነመነው በተቀመጠበት ነው።

በ1953 ፋውንዴሽኑ አክሲዮንና ሕንፃ እንዲገዛ ተፈቀደለት። ያም ሆኖ ሽልማቱ የ1901ን የመግዛት አቅም ያገኘው በ1991 ነው። ዘጠና ዓመት! ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2019 የሰላም ሽልማቱን ሲቀበሉ መጠኑ 9 ሚሊዮን ነበር፤ በ2023 ደግሞ 11 ሚሊዮን ደረሰ።

ይህ ታሪክ አዲስ አበባ ላይ ሊነበብ ይገባል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለበጎ አድራጎት ዓላማ ቋሚ ፈንድ ማቋቋምን ይፈቅዳል። ለብዙ ቦርድ ግን አስተማማኝ ቦታ ማለት እስካሁን የባንክ ተቀማጭ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት 100 ብር በዓመቱ 107 ይሆንና፣ የሚገዛው ግን ዓምና በ82 ብር ገደማ ይገኝ የነበረውን ነው። በደብተሩ ላይ ትርፍ ይነበባል፤ ለሕፃናት ማሳደጊያው ወይም ለክሊኒኩ የሚደርሰው ጤፍና መድኃኒት ግን ቀንሷል።

መፍትሔው ያለውን ሁሉ አክሲዮን ላይ ማፍሰስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2008 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ 36.9 ቢሊዮን ዶላር ቋሚ ፈንድ ነበረው፤ በዓመቱ ወደ 26 ቢሊዮን ወረደ። ከሀብቱ ብዙው በቶሎ ሊሸጥ በማይችል ኢንቨስትመንት ታስሮ ስለነበር፣ የዓለም ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፣ ኦልስተን በተባለ ሰፈር የጀመረውን ግዙፍ ግንባታም አቆመ። ብዙ ሀብት ያለው ሁሉ በእጁ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም።

የዬል ዩኒቨርሲቲ የወጪ ቀመር ከዚህ ይሻላል። ከዓመቱ ወጪ 80 በመቶው የሚሰላው አምና በወጣው ላይ ግሽበቱ ተደምሮ ነው፤ ቀሪው 20 በመቶ ከፈንዱ የገበያ ዋጋ ጋር ይያያዛል። ገበያው ሲወድቅ የመምህራን ደመወዝ በአንድ ጀንበር አይቆረጥም፤ ገበያው ሲፈነጥዝም ቦርዱ በስካር አይመነዝርም። ሐሳቡ የኢኮኖሚስቱ የጄምስ ቶቢን ነው፦ የነገው ተማሪ የዛሬውን ያህል መብት አለው።

እርግጥ ሁሉም ዘላለማዊ መሆን የለበትም። የጌትስ ፋውንዴሽን በ20 ዓመት ውስጥ 200 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ በ2045 እንደሚዘጋ አስታውቋል፤ ቢል ጌትስም ከዚህ አብዛኛው ለአፍሪካ እንደሚውል በሰኔ 2025 አዲስ አበባ ላይ ተናግረዋል። ጨርሶ ማውጣት ታስቦበትና ቀን ተቆርጦለት ከሆነ ክቡር ነው። ሳይታወቅ ማለቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል፤ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ቢሆኑም በር ተከፍቷል። ቦርዶች አክሲዮን ከመግዛታቸው በፊት በየዓመቱ ስንት እንደሚያወጡና ገበያው ሲወድቅ የትኛውን ወጪ እንደሚቀንሱ በጽሑፍ ይወስኑ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም በዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ አንድ መስመር ይጨምርላቸው፦ የፈንዱ ዋና ገንዘብ፣ ግሽበቱ ሲቀነስ፣ ከተመሠረተበት ቀን ጋር ሲነጻጸር ዛሬ ምን ያህል ይገዛል?