የተጣለው ማውዝና ያልተከፈተው ቤተ ሙከራ

በደሴ ፒያሳ ከሚገኙት ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቆች በአንዱ ራዲዮዬን ለመውሰድ ቆሜ ሳለሁ፣ ጠጋኙ ወጣት ከፕሌይስቴሽን ቤት የመጣ ጆይስቲክ ፈታትቶ ይሠራ ነበር። ከጎኑ በካርቶን ውስጥ ለመለዋወጫ የተከማቹ አሮጌ የኮምፒውተር ማውዞች ነበሩ። አንዱን፣ ከሥሩ ኳስ ያለውን ዓይነት፣ አንሥቼ ከፈትኩና በውስጡ ያለችውን ባለ ቀዳዳ ጎማ እያሳየሁ፣ «ለዚህች አንዲት ጎማ ሁለት ዓይን ለምን አስፈለጋት?» ስል ጠየቅኩት። ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ምክንያቱን አላውቀውም ጋሼ፤ አንዱ ዓይን ከሞተ ግን ከርሰሩ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሄድም» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ ትክክል ነበር። በሳምንቱ ይህንኑ ጥያቄ ለተማሪዎቼ አቀረብኩላቸው። በሁለት ሞገዶች መካከል ስላለው የፌዝ ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ስሕተት መጻፍ የሚችሉት ተማሪዎች፣ የተከፈተውን ማውዝ ፊታቸው ሳስቀምጥላቸው ያ ልዩነት የት እንዳለ ሊያሳዩኝ አልቻሉም። አንዱ ወገን ዕቃውን ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን አልተማረም። ሌላው ወገን ምክንያቱን ተምሯል፤ ዕቃውን ግን ነክቶ አያውቅም። በእኔ እምነት የፊዚክስ ትምህርታችን ዋነኛ ችግር ይህ መለያየት ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ደግሞ የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከተጣለ ማውዝ የጌም መጫወቻ እጀታ መሥራት በቂ መነሻ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። በኳስ የሚሠራው ማውዝ ሲንቀሳቀስ ኳሷ እርስ በርሳቸው ቀጥተኛ ማዕዘን የሠሩ ሁለት ዘንጎችን ታሽከረክራለች። አንዱ ዘንግ የግራና የቀኙን፣ ሌላው የፊትና የኋላውን እንቅስቃሴ ይለካል። በየዘንጉ ጫፍ ባለ ቀዳዳ ጎማ ስትኖር፣ በአንድ ወገኗ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ፣ በሌላው ወገኗ ብርሃኑን የሚቀበሉ ሁለት ዓይኖች ተቀምጠዋል። ጎማዋ ስትዞር ብርሃኑ አንዴ ያልፋል፣ አንዴ ይጋረዳል። ሁለቱ ዓይኖች የሚሰጡት ምልክት በ90 ዲግሪ ፌዝ እንዲቀዳደም ሆኖ ስለተሠራ፣ ቀድሞ የበራው የትኛው እንደሆነ በማየት ጎማዋ ወደየት እንደዞረች ይታወቃል። አንድ ዓይን ብቻ ቢኖራት መዞሯ እንጂ አቅጣጫዋ አይታወቅም ነበር።

አሁን ኳሷን እናውጣትና በአንደኛው ዘንግ ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ እንግጠምበት። እጀታው ሳይንገጫገጭ እንዲዞር ከተበላሸ ሃርድ ዲስክ ወይም ከአሮጌ ቪዲዮ ዴክ የወጣ ኩሽኔታ ይደግፈው። ከማውዙ የግራ ቁልፍ ሁለት እግሮች ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በመበየድ ከበር ደወል መጫኛ ጋር እናገናኝ። ሁሉንም በእንጨት ሳጥን ውስጥ ስናስቀምጠው ባለ እጀታና ባለ መተኮሻ መጫወቻ ሆነ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ አሁንም እንደ ማውዝ ስለሚያየው የተለየ ፕሮግራም አይጠይቅም፤ ኃይሉም 5 ቮልት ብቻ ነው። የአታሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቴምፔስትና የታይቶ ኩባንያ በ1986 ያወጣው አርካኖይድ የተሰኙት ጌሞች የሚጫወቱት እንዲህ ባለ ተሽከርካሪ እጀታ ነበር።

ትምህርቱ የሚጀምረው መጫወቻው ሲያስቸግር ነው። ጎማዋ 36 ቀዳዳ አላት እንበል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለቱ ዓይኖች አራት ልዩ ልዩ ሁኔታዎችን ስለሚያሳልፉ፣ አንድ ሙሉ ዙር 144 እርምጃ፣ አንዱ እርምጃም 2.5 ዲግሪ ይሆናል። ተጫዋቹ እጀታውን በሰከንድ 5 ጊዜ ቢያዞረው 720 እርምጃዎች ያልፋሉ። የማውዙ ቺፕ በዚህ ፍጥነት ማየት ካልቻለ ይሳሳታል። ሁኔታዎቹ አራት ብቻ ስለሆኑና እየተመላለሱ ስለሚመጡ፣ በሁለት እይታዎች መካከል ያለፉ ሦስት የፊት እርምጃዎች አንድ የኋላ እርምጃ መስለው ይታያሉ። ስለዚህ እጀታው ወደ ቀኝ ሲሽከረከር በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ወደ ግራ ይሮጣል። በፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ የሚታየንም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን በራሱ እጅ የገጠመው ተማሪ ስለ ናሙና አወሳሰድ የሚነገረውን ሕግ አይረሳውም።

«የኳስ ማውዝ ዛሬ ከየት ይገኛል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በብርሃን የሚሠራው የዛሬው ማውዝም ያገለግላል። በሥሩ ያለችው ጥቃቅን ካሜራ በሰከንድ ከሺህ በላይ ምስሎችን እያነሣች ስለምታነጻጽር፣ ከፊቷ የሚዞር ክብ ካርቶን ማስቀመጥ በቂ ነው። ካሜራዋ ከክቡ መሐል 2 ሴንቲ ሜትር ርቃ ብትቀመጥ፣ አንድ ዙር ለእርሷ የ12.6 ሴንቲ ሜትር ጉዞ ነው። ርቀቱን ስንጨምር ለምን እንደሚፈጥን ማስላቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ይህ የቆሻሻ ጨዋታ እንጂ ሳይንስ አይደለም የሚሉ አሉ። ሆኖም ዳግላስ ኤንግልባርትና ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠሩት የመጀመሪያው ማውዝ ራሱ ሁለት ጎማዎችና አንድ ቁልፍ ያሉት የእንጨት ሳጥን ነበር። በመርካቶ ምናለሽ ተራም የተጣለ ቆርቆሮ ተመልሶ የቤት ዕቃ ሲሆን በየቀኑ ይታያል። ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ የገረመኝም የመሣሪያው ብዛት ሳይሆን፣ ተማሪው መሣሪያውን ለመክፈት አለመፍራቱ ነበር።

ወላጆች ስለ ጌም ቤቶች የሚያነሡት ሥጋት ግን ተገቢ ነው፤ ከክፍል ጠፍቶ እዚያ የሚውል ተማሪ እንዳለ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ከፍሎ የሚጫወት ልጅና የሚጫወትበትን ዕቃ የሠራ ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተራው ሲያልቅ ይነሣል፤ የሁለተኛው ጥያቄ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ቀደም ሲል ባገለገልኩበት አንድ መሥሪያ ቤት በርካታ አሮጌ ማውዞችና ኪቦርዶች በንብረት ክፍሉ ተቆልፎባቸው አቧራ ይጠጡ ነበር። ለሙከራ አምስት ማውዝ ብጠይቅ፣ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሳይወስን አይነካም ተባልኩ። ኮሚቴው ሳይሰበሰብ የትምህርት ዘመኑ አለቀ። ለንብረት መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የማይሠራን ዕቃ ከተማሪ መጠበቅ ምን ይባላል? በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች መዘረፋቸው የሚታወስ ነው። ቤተ ሙከራ በአንድ ጀንበር መልሶ በማይሞላበት አካባቢ በመጋዘን የታሰረው እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ አለው።

በመሆኑም ትምህርት ቤቶች አሮጌ ዕቃ በሚያስወግዱበት ጊዜ ለሙከራ የሚሆነውን በቅድሚያ ለይተው ለሳይንስ ክፍሉ በፊርማ ቢያስረክቡ መልካም ነው። መምህራንም የጥገና ባለሙያዎችን ወደ ክፍል ቢጋብዙ አያፍሩበት። አንተም ተማሪ፣ አንቺም ተማሪ፣ በዚህ ሳምንት አንድ የተበላሸ ማውዝ ፈልጋችሁ ክፈቱ። እኔም ያን ወጣት የሁለቱን ዓይኖች ምክንያት ልነግረው ቀጠሮ አለኝ፤ እርሱ ደግሞ ብየዳ ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኛል።