የዩኒቨርሲቲው ዓመት ከየት ይጀምራል?



ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በጋዜጣ ሲጻፍ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ የሕንፃው፥ የመምህራኑና የምሩቃኑ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ አሳቤን ለመግለጽ የተነሣሁት ብዙ ሰው እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ስለሚቈጥረው ስለ ትምህርት ዘመን መቁጠሪያው አወጣጥ ነው። በሴኔት ጸድቆ በሬጅስትራሩ በር ላይ የሚለጠፈው ይኸው ወረቀት፥ በወር ደመወዝ ለምንተዳደር ቤተ ሰቦች ከሕንፃው ይልቅ የሚነካን እርሱ ነውና።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። ለእያንዳንዱ መንፈቀ ዓመት 16 የትምህርት ሳምንት ብንሰጠው 32 ይሆናል። ለፈተና ሁለት ሁለት ሳምንት፥ ለምዝገባ አንድ አንድ፥ በመካከሉ ለዕረፍት ሁለት ስንጨምርበት 40 ይሞላል። እንግዲህ ትምህርቱ መስከረም 15 ቢጀመር ሰኔ 25 ይፈጸማል ማለት ነው። የሚቀሩት 12 ሳምንታትም ባዶ አይደሉም። በሐምሌና በነሐሴ በክረምት መርሐ ግብር የሚማሩት መምህራን መኝታ ክፍሎቹን ይይዛሉ፤ ጣሪያውና ቧንቧው የሚጠገነው፥ የዩኒቨርሲቲው መምህርም ለምርምሩ ጥቂት ፋታ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

የሰኔ 25 ነገር ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ሌላም ትርጉም አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል። በበጀትና በግዢ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ የእነዚያን ቀኖች ጭንቀት ያውቃል። የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ይዘጋል፥ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፥ አዲሱ ደግሞ ጸድቆና ተደልድሎ እጅ እስኪገባ ቀናት ያልፋሉ። ትምህርቱ ተንሸራትቶ ሐምሌን የተሻገረ እንደ ሆነ፥ በሺህ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ቁርስ፥ ምሳና እራት የሚጠብቁት በዚሁ መካከል ነው። የዳቦው፥ የሽሮውና የማገዶው ውል ሐምሌ መግባቱን አይቶ በራሱ አይታደስም።

ነገሩ የተዛባው እንዴት ነው? በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተዘጉ። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት መገናኛ ሆነ። የ2013ቱ ፈተና በጥቅምት ማለቂያና በኅዳር መባቻ 2014፥ ጦርነት ባገዳቸው አካባቢዎች ላሉት ደግሞ ቆይቶ ለብቻው ተሰጠ። የ2014ቱ መስከረም 30 ቀን 2015 ተጀምሮ ውጤቱ የተነገረው በጥር ነው፤ ያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን አገሩ ሁሉ ሰምቷል። በትግራይ ያሉትን አራት ዩኒቨርሲቲዎች በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት ከነጭራሹ ከሥራ አውጥቷቸው ነበር። ከዚህ በፊትም በ1967 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘግቶ ያውቃል፤ ነገር ግን ያኔ ሁሉም በአንድ ቀን ቆመ እንጂ አንዱ ሲገባ ሌላው አልወጣም።

የዚህኛው ጊዜ ችግር ግን መዘግየቱ ብቻ አልነበረም። ልዩ ልዩ ወራት የገቡ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ሲገናኙ፥ አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ሁለትና ሦስት መቁጠሪያ ይዞ መሄድ ግድ ሆነበት። የነባሮቹ አንድ፥ የአዲሶቹ ሌላ፥ ከ2015 ጀምሮም ለማካካሻ ትምህርት የገቡት ሌላ ሆነ። በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ስለሚሰጥ፥ ተፈታኞቹ የሚያድሩበትን አልጋ ነባሩ ተማሪ መልቀቅ አለበት። ስለዚህ ፈተናው በበጋ ሲውል ትምህርቱን ገፍትሮ ያስወጣዋል። ምግብ ቤቱ ሳይዘጋ፥ መምህሩም ሳያርፍ ዓመቱ ይዞራል።

አንዳንዶች የባከነውን ጊዜ ለማካካስ የ16 ሳምንቱን ትምህርት በ10 ሳምንት ማጣደፍን እንደ ብልሃት ቈጥረውታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ገለጻ ሊፈጥን ይችላል፤ የኬሚስትሪ ሙከራና የመስክ ልምምድ ግን በግድ አይፈጥንም። በተጣደፈው መንፈቅ የሚቈረጠው መጀመሪያ የቤተ ሙከራው ሰዓት ነው፤ ተማሪው የመውጫ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ጉድለቱ ይታያል። የመውጫው ፈተና ራሱ ከ2015 ወዲህ በጊዜው ይሰጣልና፥ ትምህርቱ ከዚያ ቀን አልፎ ያለቀበት ተማሪ ሥራ ሳይጠይቅ ወራት ይቀመጣል።

በእኔም ቤት የደረሰ አለ። ልጄ በ2014 ዓ.ም. ተፈትና ከተመደበች በኋላ፥ ስሙን የማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ጥሪውን ያወጣው በወሩ በ14 ሲሆን እንዲገቡ የታዘዙት በ18 ነበር። ማስታወቂያው አንሶላ፥ ብርድ ልብስ፥ የትራስ ጨርቅና ጉርድ ፎቶግራፍ እንድትይዝ ይላል። ደመወዝ የሚከፈለው በወሩ ማለቂያ መሆኑን ጥሪውን የጻፉት ሰዎች አያውቁም ብዬ አልጠረጥርም፤ እነርሱም ደመወዝተኞች ናቸው። ባለቤቴ ከሰፈር ዕቁብ ተበደረች፥ እኔም ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ወሰድሁ። ቀኑን ሁለት ወር አስቀድመን ብናውቀው ኖሮ ብድር ባላስፈለገን ነበር።

የበዓላቱ ብዛት ነው የሚያስቸግረው የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ይህ ምክንያት አይሆንም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ በ2016 ሚያዝያ 27፥ በ2017 ሚያዝያ 12 መዋሉ ከብዙ ዘመን በፊት በባሕረ ሐሳብ የታወቀ ነበር። የእስልምና በዓላትም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ መምጣታቸው የታወቀ ነው፤ ጨረቃዋ ብታስረዝም ብታሳጥር አንድ ቀን ነው። ከሁሉ ይልቅ አስቀድሞ የማይታወቀው የራሳችን የፈተና ውጤትና ምደባ መሆኑ ያስገርማል።

እውነት ለመናገር ነገሩ ወደ ማገገም አዘንብሏል። በ2015 እና በ2016 ፈተናው በሐምሌ ተሰጥቷል። የ2015ቱ ውጤት መስከረም 2016 ሊያልቅ ሲል የተነገረ ሲሆን፥ የ2016ቱ ግን በጳጉሜን ደርሷል፤ ለዚህ የደከሙት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ውጤት ማለት ምደባ አይደለም፤ ምደባም ጥሪ አይደለም። እያንዳንዱ ደረጃ የፊተኛውን ተከትሎ «ሲደርስ ይነገራል» የሚባል ከሆነ፥ የዩኒቨርሲቲው ዓመት የሚጀምረው በሴኔቱ ውሳኔ ሳይሆን ከኋላው ያሉት ሥራዎች ባለቁበት ቀን ነው።

ስለዚህ አሳቤ ቈጠራው ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይሁን የሚል ነው። መግቢያው ለነባሩም ለአዲሱም መስከረም 15 ተብሎ ይቈረጥ። ነባሩ ተማሪ ሰኔ 25 ግቢውን ሲለቅ ተፈታኙ በማግስቱ ይግባ፥ ሐምሌ 10 ይጨረስ፤ የክረምት ተማሪዎችም ያን ጊዜ ይተኩ። እርማቱ እስከ ነሐሴ 20 ቢቈይ ከ5 ሳምንት በላይ ያገኛል፤ የመልሱ ወረቀት በመኪና የሚታረም ስለ ሆነ፥ ከ2016 ጀምሮም ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኮምፒውተር ስለ ተፈተኑ፥ ይህ የሚያንስ አይመስለኝም። ምደባው በጳጉሜን ይውጣ። ችግር ቢመጣና ሁለት ሳምንት ቢጠፋ፥ የሚቀነሰው ከመካከሉ ዕረፍት ይሁን እንጂ ከትምህርቱ ሳምንት አይሁን።

ዩኒቨርሲቲ ሁሉ የራሱ ሴኔት እያለው አንድ ቀን እንዴት ይታዘዝለታል የሚል ይኖራል። ከአርባ በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኞቹ ተማሪ የሚቀበሉት በአንድ ምደባ፥ ገንዘብ የሚወስዱትም በአንድ የበጀት ዓመት ነው። የፈተናውን ሳምንትና የዕረፍቱን ጊዜ እያንዳንዱ እንደ አየር ጠባዩ ያመቻች፤ የመግቢያው ቀን ግን በሚያዝያ ተወስኖ በዚህ ጋዜጣ ይውጣልን፥ እኛም ከግንቦት ደመወዛችን ጀምረን የልጆቻችንን ብርድ ልብስና የመኪና ሒሳብ እናስቀምጥ።

ከአንድ የበጀት ክፍል ሠራተኛ
አዲስ አበባ