ዘጋቢ ፊልም ሲናገር የሚናገረው ማን ነው?



ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ወላጆች ብዙውን ጊዜ የሚጠነቀቁት ለድራማውና ለዘፈኑ ነው። «ዘጋቢ ፊልም ነው» ከተባለ ግን ጥንቃቄያችን ይላላል። ልጆቻችን «በዓይናችን አየነው» ሲሉን ምን ብለን እንመልስላቸው? እርግጥ ነው፣ ያዩት ነገር የሆነ ነገር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የታየው ነገር እውነት መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፤ ያሳየን ሰው በእርሱ ምን ሊለን እንደፈለገ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን የዘርፉ ምሁራን ዘጋቢ ፊልሞችን እንዴት እንደሚከፋፍሏቸውና ይህም ለቤተሰብ ምን እንደሚጠቅም እንመለከታለን።

ነገሩ ከጥንቱም ቀላል አልነበረም። አሜሪካዊው ሮበርት ፍላኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1922 በሰሜን ካናዳ በረዶ ውስጥ ስለሚኖሩ ሰዎች «ናኑክ ኦቭ ዘ ኖርዝ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ሰዎቹ እውነተኛ የአገሩ ተወላጆች፣ በረዶውም እውነተኛ በረዶ ነበር። ይሁን እንጂ የዋናው ሰው ትክክለኛ ስም ናኑክ ሳይሆን አላካሪያላክ ነበር። በጊዜው የአካባቢው አዳኞች ጠመንጃ ይጠቀሙ ነበር፤ በፊልሙ ላይ ግን እንደ አባቶቻቸው በጦር ሲያድኑ ይታያሉ። የበረዶ ቤቱም ለካሜራው ብርሃን እንዲገባ ግማሹ ክፍት ሆኖ ነው የተሠራው። እንግዲህ ይህ ውሸት ነው ወይስ እውነት? ፍላኸርቲን ያደነቀውና «ዶክመንታሪ» የሚለውን ቃል ለዚህ ዓይነት ፊልም ያስለመደው ስኮትላንዳዊው ጆን ግሪርሰን ራሱ ሥራውን እውነታን በፈጠራ ማቅረብ እንደሆነ ነበር የተረዳው።

ስድስቱ መንገዶች

አሜሪካዊው ምሁር ቢል ኒኮልስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ዘጋቢ ፊልሞችን በአራት መደባቸው፤ በ2001 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ስድስት አደረሳቸው። የአከፋፈሉ መነሻ የፊልሙ ርዕስ ሳይሆን፣ ፊልሙ ተመልካቹን የሚያናግርበት መንገድ ነው።

አንደኛው ገላጭ ነው። ፊቱ የማይታይ ሰው በረጋ ድምፅ ያብራራል፤ ምስሉም ለንግግሩ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ድምፁ የሚያሳምን በመሆኑ «ይህን ያለው ማን ነው? በምን አወቀ?» ብሎ መጠየቅ ይዘነጋል።

ሁለተኛው ግጥማዊ ነው። የሆላንዱ ዮሪስ ኢቨንስ እ.ኤ.አ. በ1929 በአምስተርዳም ከተማ ስለሚጥል ዝናብ አጭር ፊልም ሠርቷል። ሲያዩት አንድ ዝናብ መጥቶ የሄደ ይመስላል፤ የተቀረጸው ግን ወራት ፈጅቶ በብዙ ዝናብ ነው።

ሦስተኛው ታዛቢ ነው። ሮበርት ድሩና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 ጆን ኬኔዲና ሁበርት ሃምፍሬይ በዊስኮንሲን ያደረጉትን የምርጫ ፉክክር በቀላል ካሜራ ተከታትለው «ፕራይመሪ» የተባለውን ፊልም አወጡ። በዚህ ዓይነቱ ፊልም አዘጋጁ ጣልቃ ሳይገባ የሚሆነውን ብቻ የሚያሳይ ይመስላል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው፣ ተቀርጾ ያልታየው ምን ነበር የሚል ነው።

አራተኛው ተሳታፊ ነው። አዘጋጁ ራሱ ገብቶ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ፈረንሳውያኑ ዣን ሩሽና ኤድጋር ሞራን እ.ኤ.አ. በ1960 ክረምት በፓሪስ መንገደኛውን «ደስተኛ ነዎት?» እያስጠየቁ ቀረጹ። በመጨረሻም የተቀረጹትን ሰዎች ሰብስበው ፊልሙን ቢያሳዩዋቸው፣ ሰዎቹ ስለ እውነተኛነቱ እርስ በርስ አልተስማሙም!

አምስተኛው ራሱን የሚመረምር ነው። የሶቪየቱ ዚጋ ቬርቶቭ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ፊልም ካሜራ የያዘውን ሰውና ፊልሙን እየቆረጠች የምትቀጥለውን ባለሙያ ጭምር አሳይቷል። ይህ ዓይነቱ ፊልም «የምታዩት በሰው እጅ የተሠራ ነው» ብሎ ያስታውሰናል።

ስድስተኛው የራስን ኑሮና ስሜት ይዞ የሚቀርብ ነው። የፍልስጤሙ ገበሬ ኢማድ ቡርናት ከጋይ ዳቪዲ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «አምስት የተሰበሩ ካሜራዎች» እዚህ ሊመደብ ይችላል። አባት የልጁን እድገትና የመንደሩን የቢልዒንን ትግል በአንድነት ሲቀርጽ ካሜራዎቹ እየተሰበሩ ያልቃሉ። ከየትኛውም ወገን አይደለሁም አይልም፤ ከየት ቆሞ እንደሚያይ ግን ለተመልካቹ ግልጽ ነው።

ይህ አከፋፈል ተቺ አላጣም። እንግሊዛዊቷ ምሁር ስቴላ ብሩዚ በመደቦቹ ላይ ጥያቄ አንስታለች። በእርግጥም አንዱ ፊልም ሁለትና ሦስቱን መንገድ ሊቀላቅል ይችላል።

አንድ ምስል፣ ሁለት ንግግር

ነገሩ ከእኛ አገር የራቀ አይደለም። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የደረሰውን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። ጋዜጠኛው እያብራራ የሚያሳይ፣ ገላጭ የሚባለው ዓይነት ነበር። ያየውም ሕዝብ ለተራቡት እርዳታ አዋጣ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ይኸው ፊልም በደርግ ትእዛዝ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። አሁን ግን በተራቡት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል ገብቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። በእርግጥ ለወራት ሲንከባለል የመጣውን ለውጥ ያመጣው አንድ ፊልም አይደለም፤ የሕዝቡን ልብ በማዘጋጀት ረገድ የነበረው ድርሻ ግን ትልቅ ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ረሃቡ እውነት ነበር፤ መደበቁም እውነት ነበር። ሆኖም በተለያየ ቀንና ቦታ የተቀረጹት ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ያለ አንዲት ቃል ፍርድ ተናገሩ። ምስሉን የቀረጸው አንድ ሰው፣ ፍርዱን የተናገረው ደግሞ ሌላ ነበር። ያሳየው ወገንስ ለተራበ ወገኑ ታማኝ ሆኖ ዘለቀን? ያው መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. 10ኛ ዓመቱን በድምቀት ሲያከብር ሰሜኑ በረሃብ ይማቅቅ ነበር። ዓለም በስፋት ያወቀው ሙሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው ምስል በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በቢቢሲ ሲተላለፍ ነው። እውነተኛ ምስል ማሳየት በራሱ የአሳዩን ቅንነት አያረጋግጥም ማለት ነው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ልጆቻችንን ሁሉን ተጠራጣሪ አናድርጋቸው፤ ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ወሎ የተራበውን ያየና «ቅንብር ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው ከተታለለው ሰው የባሰ ነው። ይልቅ አብረናቸው እንይ፤ ሲያልቅም እንጠይቃቸው። የተናገረው ማን ነበር? ምስሎቹ የአንድ ቀንና የአንድ ቦታ ናቸው ወይስ የተገጣጠሙ? የተቀረጸው ሰው ካሜራው ባይኖር እንዲህ ይል ነበርን? ያልተጠየቀስ ማን ነው?

ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክ የያዘ ልጅ ሁሉ ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ ቀጥሎ የሚያሰራጭበት ዘመን ነው። እነዚህን ጥያቄዎች በሰው ሥራ ላይ መጠየቅ የለመደ ልጅ፣ በጎረቤቱ ላይ ካሜራ ሲያነሳ በራሱም ላይ ይጠይቃቸዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።