ሁለት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት የጆሮ ሕመምን በተመለከተ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ሕፃናትን የምናክም ባለሙያዎች በአንድ ጉዳይ ላይ አቋም ይዘናል። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ጆሮው መግል ካመጣ መመርመር ያለበት ጆሮው ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱ ነው፤ ያውም በዚያው ቀን። ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝቶ ወደ ቤት መመለስ ሕክምና አይደለም። የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ጆሮ ውስጥ ማንጠባጠብም እንዲሁ።

ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በሕፃን ላይ አጭርና ጋደም ያለ ስለሆነ ተሕዋስ ከአፍንጫ በቀላሉ ይደርስበታል። የሰውነት መከላከያው ገና አልጠነከረምና ተሕዋሱ ወደ ደም ገብቶ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕመም ለመከላከል የሚረዳውና በ2004 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የኒሞኮካል ክትባት የመጀመሪያው ዙር የሚሰጠው በ6ኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ እናትና ልጅ ከቤት የማይወጡበት የአራስነት ወቅት ነው። ወጉን እናከብራለን፤ የታመመ ሕፃን ግን አርባ ቀን እስኪሞላው አይጠብቅም።

የሚቃወመንን ማስረጃም አልዘለልነውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሦስት ወር ያልዘለሉ፣ የመሐል ጆሮ ኢንፌክሽን ያለባቸውና ትኩሳት የሌላቸው 1,637 ሕፃናትን ተመልክቶ፣ ከተመረመሩት በአንዱም ላይ በደም ውስጥ ኢንፌክሽን ወይም በባክቴሪያ የመጣ ማጅራት ገትር አላገኘም። ስለዚህ ደኅና የሚጠባና ትኩሳት የሌለው ሕፃን ሁሉ ከጀርባው ፈሳሽ ይወሰድለት አንልም። ሆኖም ጥናቱ የተሠራው ላቦራቶሪና ክትትል ባላቸው ሆስፒታሎች ነው። ከገጠር ቀበሌ በእግር የመጣች እናት «ነገ ተመለሺ» ብትባል መመለሷን ማን ያረጋግጣል?

ጡት እንቢ ያለ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ካልነኩት የማይንቀሳቀስ፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚተነፍስ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። የሰውነት ሙቀቱ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነም እንዲሁ። ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ ከትኩሳት ባልተናነሰ ያሳስበናል፤ ብዙ ቤተሰብ «አልተኮሰውም» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የአራስ ቤት ጉብኝት ሲያደርጉ የሕፃኑን ጆሮ ይዩ፤ ምልክቶቹንም በሀዲይኛና በከምባትኛ ያስረዱ። ጤና ጣቢያዎች ወደ ሆስፒታል ከመላካቸው በፊት የመጀመሪያውን የጄንታማይሲንና የአምፒሲሊን መርፌ ይስጡ። መድኃኒት ቤቶች ለዚህ ዕድሜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የጆሮ ጠብታ አይሽጡ። የዞን ጤና መምሪያዎችም ለእነዚህ ሕፃናት አምቡላንስ ሲጠራ የነዳጅ ወጪ ከቤተሰብ እንዳይጠየቅ በጽሑፍ እንዲያዙ እንጠይቃለን።